እርሾ ያጣው ገንዳ

በምሥራቅ ዋሻ ልጅ የሚወለድበት ቤት አስቀድሞ ዓሣ ማኖር ነበረበት። ከማርስ መሬት ሥር የተቆፈረው ይህ ሰፈር ውሃ ከየትም አይመጣለትም፤ እያንዳንዱ ቤት የተጠቀመበትን ውሃ ሳሎኑ ውስጥ ባለው የመስታወት ገንዳ አሳልፎ፣ አጣርቶ፣ መልሶ ይጠጣዋል። ዓሣዎቹ ከኖሩ ሰውም ይኖራል። ካልኖሩ ቤቱ ይታሸጋል፤ ሕፃኑም ከእናቱ ተለይቶ በማዕከሉ የጋራ ማሳደጊያ ያድጋል።

ሐመልማል ወሯ ገብቷል። ገንዳውን አይታ የምትፈርመው ተቆጣጣሪም በዚያው ሳምንት መጨረሻ ትመጣለች።

ባሏ ገነነ እንግዳ ሊመጣ ነው ሲባል ቤት ማጽዳት ያስለመዱት ሰው ነው። አሮጌውን ማጣሪያ ነቅሎ አዲሱን ገጠመ፤ ቱቦውን አጠበቀ፤ ሞተሩን አስነሳ። ከአሮጌው የወጣው ስፖንጅ ጭቃ የመሰለ ነገር ጠጥቶ ጠቁሮ ነበርና እንዲሁ ሊመልሰው አላስቻለውም። ጀርም በሚገድለው የዕቃ ማጠቢያ ውሃ ደጋግሞ አሸው፤ ጨምቆም እንደ አዲስ ቢጫ አድርጎ አዲሱ ማጣሪያ ውስጥ መለሰው። ገንዳው ባዶ እስኪመስል ድረስ ውሃው ጠራ። ሚስቱን ጠርቶ ሲያሳያት ሳቀች፤ ለእሷ ሳህን እንኳ እንዲህ አጥቦላት እንደማያውቅ ነገረችው።

ተቆጣጣሪዋ ልትመጣ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ጠዋት፣ ቆሮሶ የሚባሉት ዓሣዎቻቸው ሁሉ ውሃው ገጽ ላይ ተሰብስበው አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ ተገኙ። መተንፈሻቸው ደም መስሏል። ግድግዳው ላይ ያለው መለኪያ ግን አረንጓዴ እያበራ ውሃው ጥርት ያለ፣ ከጀርም የጸዳ እንደሆነ ይናገራል። ገነነ አየር ጨመረ፤ የውሃውን ግማሽ ለወጠ። ያም ሆኖ አንደኛው ዓሣ በጎኑ ተኛ።

"ምን አደረግኸው?" አለች ሐመልማል ሆዷን ደግፋ።

"አጠብኩት እንጂ ምን አደርገዋለሁ።"

ሐመልማል ገንዳው ፊት ወንበር ስባ ተቀመጠች። ገነነ ወጥቶ የጎረቤታቸውን የእትዬ ውድነሽን በር አንኳኳ።

አሮጊቷ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙት። "ያ ጥቁሩ ቆሻሻ መስሎህ ነው?" አሉት። "እርሾው እኮ ነው። ፈጀኸው በለኛ፣ አንተ ንጹሕ።"

እርሾ የሚሉት ስፖንጅ ውስጥ የሚኖሩትን በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ነው፤ የዓሣው ሽንት መርዝ ሆኖ ራሱን ዓሣውን ሳይገድል በፊት የሚበሉት እነሱ ናቸው። ከባዶ ተነስቶ እርሾ ማብቀል ሳምንታት ይፈጃል። ከሌላ ቤት ማምጣት ደግሞ ክልክል ነው። ዋሻውን ከመታው ወረርሽኝ ወዲህ ሕይወት ያለው ነገር ከቤት ወደ ቤት አይተላለፍም፤ በየበሩ የተተከለው አንጺ፣ ማለትም ጀርም ገዳዩ ብርሃን፣ የሚያልፈውን ሁሉ ልብሱንም እጁንም ያጸዳል። ሲያስተላልፍ የተገኘ ሰው ቤቱን ይነጠቃል።

እትዬ ውድነሽ የራሳቸውን ስፖንጅ ከገንዳቸው አውጥተው በመቀስ ለሁለት ከፈሉት። ገነነ ደንግጦ የእርሳቸው ዓሣዎች እንዴት እንደሚሆኑ ጠየቀ።

"እርሾው እስኪያገግም ይጹሙ፤ ካልበሉ አይሸኑም" አሉ። "ቤቴን ቢያሽጉትም እኔ የምለየው ልጅ የለኝም።"

ግማሹን ስፖንጅ ከገንዳው ውሃ ጋር በሻይ ፔርሙስ ከተቱለት፤ ብርሃኑ ብረት ዘልቆ አይገባም። ገነነ አንጺው ሥር ቆሞ ሲታጠብ ፔርሙሱን ሻይ እንደያዘ ሰው ዘና ብሎ ሊይዘው ሞከረ። ቤቱ ሲደርስ ቁራጩን ማጣሪያው ውስጥ ወተፈው።

በማግስቱ ተቆጣጣሪዋ ትርሲት ስትገባ አንድ ዓሣ ሞቶ ወጥቶ ነበር። የቀሩት ወደ ታች ወርደው ይዋኛሉ። ጎንበስ ብላ ማጣሪያውን ስታይ ከቢጫው ስፖንጅ ጎን የተወተፈውን ጥቁር ቁራጭ አገኘችው።

"ይህንን ከየት አመጣችሁት?"

"ከየትም" አለ ገነነ። "የራሳችን ነው።"

የእጅ መሣሪያዋን መርፌ ስፖንጁ ላይ ሰካች። ገነነ መሣሪያው የእርሾ ዘር እንደሚቆጥር ያወቀው የእትዬ ውድነሽ ቤት ስም በመሣሪያው መስኮት ላይ ሲበራ ነው።

"እሳቸው አያውቁም" አለ። "ሰርቄያቸው ነው።"

ትርሲት መስኮቱን በጣቷ ገፋ ስታደርገው ከእትዬ ውድነሽ ቤት በፊት የሌላ ቤት ስም ወጣ፤ ከእሱም በፊት የሌላ። የዘሩ ሐረግ እየተመዘዘ መተላለፊያዎቹን ሁሉ አዳረሰ። ሐመልማል ቀረብ ብላ ስታነብ ቆየችና ተቆጣጣሪዎቹ የሚኖሩበት ረድፍ ላይ ስትደርስ ቀና ብላ ትርሲትን አየቻት።

"አዎ፣ የእኔም ቤት አለበት" አለች ትርሲት ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "እስከ ዛሬ የፈረምኩላቸው ሁሉ አሉበት። ያሸግኩት ደንቡን አክብረው ብቻቸውን የቀሩትን ነው።"

ፈረመች። ግን አልወጣችም።

"ከዚህ የምሄደው ሰሜን መተላለፊያ፣ አንድ የአዲስ ተጋቢዎች ቤት ነው። እዚህ ሰፈር ማንንም አያውቁም። ዓሣዎቻቸው ከትናንት ጀምሮ ውሃው ገጽ ላይ ናቸው። እኔ ደንብ አስከባሪ ነኝ፤ ስጡኝ ማለት አልችልም።"

የብረት ቦርሳዋን እንደተከፈተ ወንበሩ ላይ አኖረችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ገነነ ገንዳውን አየ። ቁራጩ ገና አቅም አላገኘም። እንደገና ቢከፈል ሊተርፍም ላይተርፍም ይችላል፤ ዓሣዎቹ ከሞቱ ደግሞ ፊርማው ይሻራል። ወደ ሚስቱ ዞረ። ሐመልማል እጅጌዋን ጠቅልላ፣ ክንዷን እስከ ክርኗ ውሃው ውስጥ ነክራ ስፖንጁን እያወጣች ነበር።