ወንድሜ ያልተጫነው ቁልፍ

እኔ የሳይንስ አስተማሪ ነኝ፣ መንፈስ፣ ቡዳ ሲባል የምስቅ ሰው ነኝ፣ ይህንንም ሌላ ሰው ቢያወራልኝ ኖሮ፣ እመኑኝ፣ አላምነውም ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ደረጀ አትላንታ ውስጥ ታክሲ ይነዳል፣ ልቡ ቅን ነው፣ ንዴቱ ግን! መንገድ ሲዘጋበት መሪውን ይደበድባል፣ ቤት ሲገባ በሩን ጓ ያደርገዋል። ሚስቱ ሂሩት «ሳትጮህ መኖር ስትችል እመለሳለሁ» ብላ እዚያው አትላንታ አቅራቢያ ዱሉዝ የምትኖረው እህቷ ጋ ሄደች። እኔም ብስጭት እንዴት ወደ ጥቃት እንደሚለወጥ የሚያጠኑ ሰዎች ጋ ወሰድኩት። ነገሩ ቀላል ነው፣ ላስረዳችሁ፦ ንዴትን የሚገታው የአንጎል ክፍል ይነቃቃ እንደሆነ ብለው ግንባር ላይ እርጥብ ስፖንጅ አስረው ደካማ ኤሌክትሪክ ይለቃሉ፣ ከዚያ ሁልጊዜ የምትሸነፉበት ጌም ያጫውቷችኋል፣ ስትናደዱ ቁልፍ ተጭናችሁ የተጋጣሚያችሁ ጆሮ ላይ የሚያንባርቅ ድምፅ መልቀቅ ትችላላችሁ። ድምፁን እኔንም አሰምተውኛል፣ ያስጠላል።

ደረጀ ቁልፉን አንዴም አልተጫነም።

«ምነው?» ስለው፣ «ሰው እያየኝ? ነውር አይደል እንዴ!» አለኝ።

ይሉኝታ! ተመራማሪዎቹ ይህን አላሰቡበትም።

በሱ መኪና ስንመለስ አንዱ ሹፌር ድንገት ከፊቱ ገባበት። ደረጀ ፈገግ ብሎ «እለፍ ወንድሜ» አለ፣ በዚያው ቅጽበት ያ የጌሙ ድምፅ ከኋላ ወንበር አንባረቀ። የቀበቶ ማስጠንቀቂያ ነው ብዬ ዞርኩ፣ ማንም የለም፣ ቀበቶዎቹ ተንጠልጥለዋል።

ቅዳሜ ሂሩት ልታየው ለምሳ መጣች፣ ሆን ብላም ነካካችው።

«ይሄን ሶፋ አንተ ነህ የመረጥከው? ያስታውቃል!»

«እንቀይረዋለን የኔ ቆንጆ» አላት እየሳቀ።

ያው ድምፅ ግድግዳው ውስጥ ጮኸ። ፍሪጁን ነቀልኩ፣ ቲቪውን ነቀልኩ፣ አሁንም ጮኸ። ሂሩት ተነስታ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች።

«በቃ ደሬ፣ በቃ» አለች። ድምፁ ቆመ።

«ምንድነው እሱ?» አልኳት።

«ባሌ ነዋ። ጩኸቱን አጣዋለሁ?» ብላ ወደ ምሳዋ ተመለሰች። ማታውን ሻንጣዋን አስገባች።

ቤቱ አሁን ሰላም ነው፣ እውነቴን ነው፣ ደስ ይላል፣ ግድግዳው ሲቆጣ እሷ ታባብለዋለች፣ ደረጀ እያፏጨ ሰላጣ ይከትፋል። ባለፈው እሑድ ግን ሂሩት በቀልድ ብትነካካው፣ ብትነካካው፣ ግድግዳው ጭጭ። መዳፏን አሳርፋ ጠበቀች።

«ወጥቷል» አለች ቀስ ብላ።

ደረጀ ፈገግ እንዳለ ወደ ቤቴ ወደ ክላርክስተን ሊሸኘኝ ተነሳ። መኪናው ውስጥ ገብቼ ዞር አልኩ። የኋላው ወንበር ባዶ ነው፣ ቀበቶው ግን ታስሯል።