ያልተነካችው ክር

በፍሬም ቤቱ ግድግዳ ላይ ባለቤቶቻቸው ያልወሰዷቸው ፎቶዎች ተደርድረዋል፤ ሙሽሮች፣ ተመራቂዎች፣ አንድ ኮስታራ ፖሊስ። ፍሬም ሠሪው ወጣት በምሳ ሰዓት ጊታሩን ሲያነሳ ሁሉም ጆሯቸውን የሚያቆሙ ይመስለዋል።

ጊታሩን ያገኘው ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ነው። በጊታሩ ቦርሳ ኪስ ውስጥ አንድ ካሴት ነበር። ካሴቱ ላይ ሦስት የውጭ አገር ሰዎች የድሮ ብሉዝና ሮክ ይጫወታሉ፤ አንዱ ጊታር፣ አንዱ ቤዝ፣ አንዱ ድራም። አስተማሪ ስላልነበረው እነሱን አስተማሪ አደረጋቸው። በማዳመጫ እየሰማ፣ እያቆመ፣ ወደ ኋላ እየመለሰ፣ የጣቶቹ ጫፍ እስኪላጥ ዘፈኖቹን አንድ በአንድ ለቀማቸው።

ግን ካሴቱ ላይ ሦስት ሰዎች ብቻ አልነበሩም። በዘፈኑ መሀል ሌላ ሰው ይተነፍሳል። ወንበር ሲጥጥ ይላል። ሦስተኛው ዘፈን ሲያልቅ ደግሞ አንዲት ልጅ ከሩቅ «እንደገና!» ትላለች።

የልጅቷን ድምፅ ወደደው። ለሰው ቢናገር አበደ ስለሚሉት በልቡ ያዘው።

አንድ ቀን ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ሦስተኛውን ዘፈን ጨረሰ።

«እንደገና» አለው አንድ ድምፅ ከኋላው።

ጠጉሩ ቆመ። ዞር ሲል አንዲት ወጣት በጋዜጣ የተጠቀለለ ፎቶ ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ማነው እንደዚህ አድርጎ ያስተማረህ?»

«ካሴት ነው። ምነው እህቴ፣ አመመሽ እንዴ?»

ጋዜጣውን ፈታች። ፎቶው ላይ አንድ ወጣት ያንኑ ጊታር ታቅፎ ተቀምጧል። የግራ እጁ ትንሿ ጣት ከግማሿ በላይ የለችም።

ፍሬም ሠሪው የራሱን እጅ አየ። ትንሿ ጣቱ እንደ ሁልጊዜው ታጥፋ መዳፉ ውስጥ ተደብቃለች።

«ወንድሜ ነው» አለች። «የሦስቱን ሙዚቃ ከፍቶ አብሯቸው እየተጫወተ ራሱን ይቀዳ ነበር። ጣቱን በልጅነቱ ማሽን ስለበላው አንዷን ድምፅ ይዘላታል። አንተም ዘለልካት! ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው። ጊታሩን እናቴ እንዳታየው ብሎ ከቤት ያወጣው አጎታችን ነው።»

ለፎቶው የቆረጠው መስታወት ተሰነጠቀ። ሁለተኛውም። ሦስተኛውም። ሦስቱም የተሰነጠቁት በአንድ ቦታ፣ በዚያች ጎዶሎ ጣት ላይ ነው።

«ሥራ ጠላህ ወይስ ፍቅር ያዘህ?» አለ የፍሬም ቤቱ ባለቤት ስብርባሪውን እየጠረገ። «የያዘህን ልቀቀው፤ መስታወቴ አለቀ!»

ልጅቷ «እናቴ ሞቱን አላምን ብላ፣ እህል ትታ ተኝታለች፤ አንዴ ትስማህ» ብላ ለመነችው። ከሥራ እንደወጣ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ጊታሩን ይዞ ሄደ። ሳሎኑ ውስጥ መስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ወንበሩ ሲጥጥ አለ። ድምፁን አወቀው።

ተጫወተ። ገርበብ ካለው መኝታ ቤት ደካማ ድምፅ መጣ።

«መጣህ ልጄ? በሩን ዝጋው፣ ብርድ ይገባል።»

ልጅቷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ በዓይኗ ለመነችው። ተነስቶ የሳሎኑን በር ዘጋ።

በማግስቱም ሄደ። ከዚያም በየቀኑ። እናትየዋ እህል መቅመስ ጀመሩ። ከአልጋቸው ሳይወርዱ «ዛሬስ እጅህ ሰንፏል!» እያሉ ይቀልዱበታል። የወንድምየው ጃኬት ተሰጠው፤ ለእሱ የተሰፋ ይመስል ልክክ አለ። ትንሿ ጣቱ ግን ዕለት ዕለት እየቀዘቀዘች ሄደች። መርፌ ቢወጋት አትሰማም።

ልጅቷ ስታየው ዓይኗ ትከሻውን አልፎ ከኋላው ወዳለ ሰው የሚሄድ ይመስለዋል። ዞር ይላል። ማንም የለም።

አንድ ቀን በረንዳው ላይ ደፈረ።

«እወድሻለሁ» አላት። «መልክሽን ሳላውቀው፣ ከካሴቱ ጀምሮ።»

የጃኬቱን ቁልፍ ነካች፤ እጇን እንደተቃጠለ ሰው ቶሎ መለሰችው።

«እኔም… ግን ስትጫወት እሱን ትሆናለህ። ወንድሜ ሆነህ እንዴት ነው የምወድህ?»

«ታዲያ ልተወው?»

«ብትተወውስ እማዬን ምን ልበላት? ሁለት ጊዜ ትቅበረው?»

ስትሸኘው በሩ ላይ ቆም አለች። «ካሴቱ ላይ እሱ የተቀዳው በግራ ጆሮ በኩል ነው» አለችው። «ሦስቱ በቀኝ ናቸው።»

በማግስቱ ማዳመጫውን ከግራ ጆሮው አወጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስቱን ብቻ ሰማ። የተዘለለችው ድምፅ እዚያው ነበረች፤ ቀጭን፣ እንደ ልቅሶ የምትሳብ።

ለልጅቷ ታምሜያለሁ ብሎ ላከና አሥር ቀን ቀረ። ጣቲቱን በግድ ዘረጋት። የሌላ ሰው ጣት ይመስል እምቢ አለችው። ካዳናት ያ ቤት እንደሚዘጋበት ያውቃል። ካላዳናት ደግሞ ልጅቷ ወንድም እንጂ ሌላ አታገኝም። በአሥረኛው ቀን ጣቱ አመመችው። በሕመም እንደዚያ ተደስቶ አያውቅም።

ጃኬቱን አጣጥፎ በእጁ ይዞ ሄደ። ተቀመጠ፣ ተጫወተ፣ እስካሁን የዘለላትን ክር በትንሿ ጣቱ ነካት።

መኝታ ቤት ውስጥ አልጋው ተንቀሳቀሰ። ዓመት ሙሉ ከክፍላቸው ያልወጡት እናት ግድግዳ ይዘው ብቅ አሉ።

«አንተ ማነህ?»

«ፍሬም ሠሪው ነኝ፣ እማማ።»

«ልጄስ?»

ቀርበው ግራ እጁን አነሱ። ትንሿን ጣት ከሥሯ እስከ ጥፍሯ ዳበሷት።

«ሙሉ ናት» አሉ። «የእሱ አይደለችም። ሞቷል፣ አይደል?»

«ሞቷል፣ እማዬ» አለች ልጅቷ።

አልጮሁም። ፍሬም ሠሪው አጠገብ ቁጭ ብለው እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ልቤማ ያውቅ ነበር» አሉ። «የእኔ ልጅ በሩን ዝጋ ቢሉት መቼ ይዘጋና!»

በዚያ ሳምንት አራተኛው መስታወት ሳይሰነጠቅ ተቆረጠ። ፎቶውን ሳሎኑ ውስጥ ሰቅለው ሲጨርሱ እሱና ልጅቷ ጎን ለጎን ተቀመጡና ማዳመጫውን ተካፈሉ፤ ግራው ለእሷ፣ ቀኙ ለእሱ። በእሱ ጆሮ ሦስቱ ይጫወታሉ።

«አንቺስ? ይሰማሻል?»

«ወንበሩ ሲጥጥ አለ» አለች በሹክሹክታ። «እርምጃ። አሁን በር ተከፈተ። አሁን… ምንም የለም። ሄዷል።»

ሁለቱም ቀና አሉ። ሲገቡ የዘጉት የሳሎን በር ገርበብ ብሎ ነፋስ ያስገባል። ሊዘጋው ሲነሳ እጁን ያዘችው። ዓይኗ ትከሻውን አላለፈም፤ እሱ ላይ አረፈ።

«ተወው፣ ክፍት ይሁን።»

ጊታሩን አንስታ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። ከሩቅ በሚያውቀው ድምፅ፣ ከቅርብ፣ ጆሮው ሥር፣

«እንደገና» አለችው።