ጤዛ የሚለው ቃል

የሙዚቃ ደራሲው የአምብሮስ ፔልሃም ሬሳ በፒያኖውና በምድጃው መካከል ተደፍቶ ነበር። የእሳት መቆስቆሻው ብረት ደም እንደነካው አጠገቡ ወድቋል። ኢንስፔክተር ቴትሎ ቁስሉን አይቶ ሲያበቃ ዓይኑን ፒያኖው ላይ ወደተቀመጠው የኖታ ወረቀት መለሰ። ሃያ ዓመት ከቤተ ክርስቲያን መዘምራን ጋር የቆመ ሰው ነውና ኖታ ማንበብ አያቅተውም። ግጥሙ ፈረንሳይ ዘምቶ ቆስሎ የሞተው የሂዩ ማርዶን ነው። ከላይ የፔልሃም ስም ብቻ ተጽፏል።

«ማን አገኛቸው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ» አለች ወጥ ቤቷ ሚስስ ግራብ፣ መሐረቧን እያፍተለተለች። «አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ሻይ ይዤ ስገባ። ከቀትር ጀምሮ ገበያ ነበርኩ። ምነው እግሬን በሰበረው!»

የገጣሚው እህት ሄስተር መስኮቱ ስር ቆማለች።

«እርስዎስ?»

«አስር ሰዓት ላይ መጥቼ የወንድሜን የግጥም ደብተር ለፔልሃም ሰጥቻቸው ወዲያው ሄድኩ። ከሆስፒታል የደረሰኝ ገና ትናንት ነው፤ ከእኔ በቀር ያየው የለም።»

ኢንስፔክተሩ ደብተሩን ገለጠ። ሂዩ በሞተበት ሳምንት፣ ቀኑን ጽፎ፣ በዚሁ ግጥም ውስጥ «ዝናብ» የሚለውን ቃል ሰርዞ «ጤዛ» ብሎታል።

የፔልሃም ተማሪና ኖታ ገልባጭ ሲሪል ዳውቤኒ ቆስሎ የዳነ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገልብጬ ጨርሼ ወጣሁ። ከዚያ ወንዝ ዳር ነበርኩ።»

«ማን አየህ?»

«ዳክዬዎቹ።»

«ሂዩን ታውቀው ነበር?»

«አንድ ምሽግ ውስጥ ነበርን። ቆስዬ ከተመለስኩ ወዲህ ግን አላየሁትም፤ ደብዳቤም አልደረሰኝ።»

ኢንስፔክተሩ ሦስቱንም ፒያኖው ዙሪያ ሰበሰባቸው።

«ደብተሩ እዚህ ቤት የገባው አስር ሰዓት ላይ ነው። ሲሪል ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገልብጬ ወጣሁ ይላል። ይህ ወረቀት በሲሪል እጅ የተጻፈ ነው፤ የሚለውም ‹ጤዛ› ነው። ስርዝ ድልዝ የለውም። አዲሱን ቃል ከየት አመጣኸው፣ ሲሪል? ተመልሰህ መጥተሃል።»

ሲሪል የወረቀቱን ጠርዝ በጣቱ አቃና።

«ዜማዎቹ ሁሉ የእኔ ናቸው» አለ። «እሁድ ሲዘመሩ ፔልሃም ‹ስምህ ከስሜ ጎን ይሆናል› ብሎኝ ነበር። ተመልሼ ስመጣ አዲሱን ቃል አሳየኝ፤ ቁጭ ብዬ እንደገና ገለበጥኩ። ቀለሙ ሳይደርቅ የራሱን ስም ብቻ ጻፈበት። ‹ዜማውን ምሽግ ውስጥ የሠራሁት እኔ መሆኔን ሂዩ ያውቃል፤ የእሱ አደራ ነው› ስለው ‹እንግዲያው ከመቃብር ወጥቶ ይመስክርልህ› ብሎ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ብረቱን እንዴት እንዳነሳሁት አላውቅም።»

«ወረቀቱን ለምን አላቃጠልከውም?»

«የሂዩን ቃል? በምን አንጀቴ!»

ሄስተር ከቦርሳዋ የታጠፈ ደብዳቤ አውጥታ ለሲሪል ሰጠችው።

«ሂዩ የጻፈልኝ ነው፤ ከደብተሩ ጋር መጣ» አለች። «‹ዜማው የሲሪል ነው፤ ሌላ ሰው የእኔ ነው ቢል እንዳታምኚ› ይላል። እሁድ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት አንብቤ ፔልሃምን ላዋርደው ብዬ ደበቅኩት። ምናለ ዛሬ ለአንተ ሰጥቼህ ቢሆን ኖሮ!»

ኢንስፔክተሩ የእጅ ሰንሰለቱን እንደያዘ ቆሞ ጠበቀ። ሲሪል ደብዳቤውን አንብቦ ሲጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።