ከቆርቆሮው ሥር የተባለ ቃል

የሚዛን ተፈሪ ገበያ ወደ አዳራሽ ከገባ ወዲህ የሺሃረግ አንድ ነገር በደንብ ተምራለች፤ ዝናብ ሲዘንብ ዝም ማለት። ምን ምርጫ አላት? ያ የተባረከ ቆርቆሮ ዝናብ ሲያርፍበት እንኳን የገዢን ድምፅ የራስንም ሐሳብ አያሰማም። ሚዛን ደግሞ ዝናብ በእንግድነት የሚመጣበት አገር አይደለም።

ድሮ ገበያው ከታች፣ ከመኪናው መንገድ ዳር፣ ከትልቁ ዋርካ ሥር ነበር። ጭቃውም ዝንቡም አይጣል ነው፤ ሰው ግን ነበረበት። ከዙሪያው ገጠር፣ ከሸዋ ቤንችም ከሸኮም ጭነት በጀርባቸው አዝለው የሚመጡት ሴቶች እዚያው ያርፋሉ፣ እዚያው ይሸጣሉ፣ የሚገዙትንም እዚያው ገዝተው ይመለሳሉ። በ1976 ዓ.ም. መስከረም ላይ ግን «ዘመናዊ ገበያ» ተብሎ ኮረብታው ላይ ረጅም የቆርቆሮ አዳራሽ ተሠራና ነጋዴው ሁሉ መደብ በዕጣ ወስዶ እንዲገባ ታዘዘ። ሪባን ተቆረጠ፣ መፈክር ተባለ፣ ተጨበጨበ። ከዚያ በኋላ ገዢ ጠፋ።

ጭነት አዝሎ ግማሽ ቀን ሲጓዝ የዋለ ሰው ምን ቆርጦት ነው ያንን ዳገት የሚወጣው? ቢወጣስ ምን ሊያይ? አዳራሹ ጨለማ ነው፤ ሻሽ የሚገዛ ሰው ቀለሙን ለማየት ደጅ ይዞት መውጣት አለበት። ተመልሶ ዋርካው ሥር የሸጠ ነጋዴ ደግሞ ዕቃው ይወረሳል። እና ነጋዴው ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጦ እርስ በርሱ ይተያያል፤ ያዛጋል፤ ያንጎላጃል።

የሺሃረግ ኮረሪማ፣ ጥምዝ፣ እርድና ዝንጅብል ነው የምትሸጠው። ንግዱን ከእናቷ ከወይዘሮ ለተብርሃን የተረከበች የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ናት። ዕድሏ ሆኖ የወጣላት ቁጥር አርባ አንድ ነበር፤ ቆርቆሮው የሚያፈስበት መደብ። በመጀመሪያው ወር አንድ ጆንያ ሙሉ ኮረሪማ ሻገተባት። ተሸክማ ወጥታ ደጅ ደፋችው፤ ተመልሳም ተቀመጠች። አላለቀሰችም፤ ለማልቀስም ደክሟት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ስትመጣ መደቧ ላይ ከአሮጌ ሸራ የተሰፋ ክዳን ተዘርግቶ አገኘች። አራቱም ጠርዙ ተቀምቅሟል፤ ማሰሪያ ገመድ ሳይቀር አለው። ቀና አለች። ፊት ለፊቷ፣ ቁጥር አርባ ላይ፣ ልብስ ሰፊው ታምሩ ምንም እንደማያውቅ ሰው የስፌት መኪናው ላይ ተደፍቷል።

«አንተ ነህ የሰፋኸው?»

«ሸራው ትርፍ ነበር።»

«ስንት ልክፈልህ?»

«ትርፍ ነው አልኩሽ እኮ» አለ፤ ቀና ሳይል።

ከጎኗ ጨውና ሽንኩርት የምትሸጠው ዙሌይካ ይህን ሰምታ ዝም ልትል? «ጉድ እኮ ነው! የእኔ ጨው ቀልጦ ሊያልቅ ነው፤ ለእኔ ሸራ ተርፎት አያውቅም!» ብላ ሳቀች። የሺሃረግም ሳቀች። ወር ሙሉ ስላልሳቀች ጉንጯን ሁሉ አመማት።

ታምሩ የዚያው የቤንች ልጅ ነው። ድሮም ዝምተኛ ነበር፤ ዓምና የጴንጤ ጸሎት ቤታቸው በቀበሌ ታሽጎ፣ ሽማግሌዎቻቸው ሦስት ወር ታስረው ከወጡ ወዲህ ደግሞ ብሶበታል ይላሉ። የሺሃረግን ግን አንድ ነገር ገረማት። ይህ «እንደምን አደርሽ» ለማለት እንኳ ቃል የሚቆጥብ ሰው ዝናብ ሲመጣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እግሩ መኪናውን እየረገጠ፣ ዓይኑ ከስፌቱ ሳይነቀል ያወራል፣ ያወራል፣ ያወራል። ዝናቡ ሲያባራ አፉም ይዘጋል።

ጥቂት ሳምንት ታዘበችውና አላስቻላትም። አንድ ከሰዓት ዙሌይካ ለሶላት ስትወጣ ጠብቃ ተሻገረች።

«ዝናብ ሲመጣ ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

መኪናውን አቆመ። ዙሪያውን ቃኘ። ከዚያ እሷን አያት፤ ቆየት አድርጎ አያት።

«ከጌታ ጋር» አለ። «ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ የምንጸልየው ዝናብ ሲዘንብ ነው። ጎረቤት እንዳይሰማን ደመና እንጠብቃለን። ከዘነበ እንዘምራለን፤ ካልዘነበ ዝም ብለን እንለያያለን።»

የሺሃረግ አባቷ የሞተ ጊዜ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተደፍታ ድምፅዋን ለቅቃ ነው ያለቀሰችው። ለዚያ ደመና መጠበቅ አላስፈለጋትም። ታምሩ አንጀቷን በላት። ወዲያው ደግሞ ፈራች።

«ታዲያ ለእኔ ለምን ነገርከኝ? ብናገርብህስ?»

«ጠየቅሽኝ።»

መልሱ ይኸው ነበር። ቤቷ እስክትደርስ ያቺን አንዲት ቃል በሆዷ ስትመላልስ ሄደች። በዚያ ዘመን ሰው ስሙን ሲጠየቅ እንኳ ሁለት ጊዜ ያስባል፤ ይኼ ሰው ስለጠየቀችው ብቻ ሕይወቱን አውጥቶ እጇ ላይ አስቀመጠላት።

ከዚያ ወዲህ ዝናብ በመጣ ቁጥር በሩን ትጠብቅለት ጀመር። ሳይነጋገሩበት ልማድ ሆነ። የማያምኑት ሰው ብቅ ሲል በገመድ የተሰካ ኮረሪማ ከመደቧ ብድግ ታደርጋለች፤ እሱ በዓይኑ ጥግ ያያትና አፉን ይገጥማል። ሰውየው ሲያልፍ ኮረሪማውን ታስቀምጣለች፤ እሱም ይቀጥላል። አንዳንዴ ማንም ሳይመጣ ዓይን ለዓይን ይገጣጠማሉ። ያኔ ሁለቱም ዓይናቸውን ቶሎ አይመልሱም።

«አንቺ ልጅ፣» አለቻት ዙሌይካ አንድ ቀን፣ «ከበሩ ወደ ልብስ ሰፊው፣ ከልብስ ሰፊው ወደ በሩ! አንገትሽን አያምሽም?»

«ገዢ እያየሁ ነው።»

«ገዢማ አግኝተሻል።»

ስለ ፍቅር ግን አንዲት ቃል አልተነጋገሩም። ምን ብለው? እሷ በማርያም ደጃፍ ያደገች፣ እሱ ጴንጤ። እሷ እናቷን ጧሪ፣ እሱ በየሳምንቱ ቀበሌ የሚጠራ። ቀኑ እንዲያው አለፈ። በዚያ አዳራሽ ሌላ የሚያልፍ ነገርም አልነበረም።

በግንቦት ከጅማ የወንድሟ የኃይለሚካኤል ደብዳቤ መጣ። «ገበያችሁ ከሞተ ቆይቷል፤ አንቺንም እማማንም አምጥቼ አስቀምጣችኋለሁ። በዛብህ የሚባል ጨዋ ሹፌር አለ፤ ሚስቱ ሞታበታለች፤ ስለ አንቺ ነግሬው ደስ ብሎታል» ይላል። እናቷ ደብዳቤውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ «ልጄ፣ እኔ ደክሞኛል። አንቺም ደክሞሻል» አለች። እውነቷን ነበር። የሺሃረግ እሺም እምቢም አላለችም። እምቢ ለማለትም እኮ ጉልበት ይጠይቃል።

ሐሙስ ዕለት ለታምሩ ነገረችው።

«ሰኞ ጅማ ልሄድ ነው።»

«ለስንት ቀን?»

«ለመቅረት።»

ክሩን በጥርሱ በጠሰ። ሌላ ክር አወጣ፤ መርፌው ቀዳዳ አልገባለት አለ። ሁለቴ ሞከረ፣ ሦስቴ ሞከረ።

«መንገዱ ጭቃ ነው» አለ በመጨረሻ። «ጠንከር ያለ ጫማ አድርጊ።»

ወደ መደቧ ተመልሳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አትሂጂ ቢላት ኖሮ ምን እንደምትል አታውቅም፤ ግን ቢላት ደስ ባላት።

ቅዳሜ የገበያው ኮሚቴ ሊቀመንበር ጓድ ከፈለኝ መጣ። መደብ የሚመልሱ ሰዎች የቁጥር ካርዳቸውን ሊያስረክቡ ተጠርተው ነበር፤ የሺሃረግ ከነሱ አንዷ ናት። ሰውየው ከወዲያኛው ጫፍ ጀምሮ ካርድ እየሰበሰበ ሲመጣ ዝናቡ ወረደ። መነጋገር ስላልተቻለ እስኪያባራ ብሎ ምሰሶ ተደግፎ ቆመ። የቆመው በትክክል ከታምሩ ጀርባ ነው።

የሺሃረግ ኮረሪማውን ብድግ አደረገች።

ታምሩ አላያትም። ለካ ዓይኑን ጨፍኗል! በእነዚያ ሁሉ ወራት ሲጸልይ አንድ ቀን ዓይኑን ጨፍኖ አያውቅም። ያን ቀን እግሩ ከመኪናው ወርዷል፣ እጁ ጉልበቱ ላይ ነው፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ኮረሪማውን አወዛወዘችው። ቆመች። «ታምሩ!» ብላ ጮኸች፤ ድምፅዋ ለራሷም ጆሮ አልደረሰም።

የሚዛን ዝናብ ሲያባራ እየሳሳ፣ እየተንጠባጠበ፣ እያስታወቀ ነው። ያን ቀን ግን ቁርጥ አለ። በዚያ ጸጥታ መሐል የታምሩ ድምፅ ብቻውን፣ ከነሙሉ ጉልበቱ ቀረ።

«…ጌታ ሆይ፣ የሺሃረግን አትውሰድብኝ። ሌላ ምንም አልለምንህም። አሜን።»

ዓይኑን ገለጠ። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ ያየዋል።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ጓድ ከፈለኝ ከምሰሶው እየተላቀቀ። «ምንድን ነው የሰማሁት? ጸሎት ቤቱ ታሸገ ስንል ገበያ ውስጥ ተከፈተ?»

ለሽማግሌዎቹ ሦስት ወር ከተፈረደ፣ በሕዝብ ገበያ አደባባይ ሲጸልይ የተያዘ ሰው ስንት ሊሆን ነው? ታምሩ ቀስ ብሎ ቆመ፤ ሊክድ እንዳልፈለገ ከአቋቋሙ ያስታውቃል። የሺሃረግ እግሯ መቼ እንደተሻገረ አታውቅም።

«የምን ጸሎት ነው ጓድ ሊቀመንበር!» አለች። «ይኼ ሰው ላግባሽ፣ ላግባሽ እያለ ቁም ስቅሌን ሲያሳየኝ የት ነበሩ? ጅማ መሄዴ ነው ስለው ነው እንዲህ የሆነው። ሰው ሲጨንቀው አምላኩን አይጠራም? እርስዎ ጥርስዎን ሲያምዎት ማንን ነው የሚጠሩት?»

«እመብርሃንን ነዋ!» አለች ዙሌይካ ከወዲያ። «መንጋጋቸው ያበጠ ጊዜ በዚህ በጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ያን ያህል ሰው በአንድ ላይ ሲስቅ ገበያው ከተዛወረ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ጓድ ከፈለኝም ከንፈሩ ሳይፈልግ ፈገግ አለበት። መልሶ ግን ኮስተር አለ።

«እና አንቺ ምን አልሽው?»

ሳቁ ረገበ። ታምሩ ያያታል። በእጇ የያዘችው ካርድ በላብ ርሷል።

«እሺ ልለው አፌን ስከፍት ዝናቡ መጣ።»

ዙሌይካ እልልታውን አቀለጠችው። ሊቀመንበሩ እጁን ለካርዱ ዘረጋ።

«የሚያገባ ሰው መደብ ይመልሳል እንዴ?» አለችና ካርዱን በደረቷ ሸጎጠችው።

ሰውየው በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለ። «መልካም። እንግዲህ ሰርጉን እናያለን። ካላየን ግን የሰማሁትን አልረሳም።»

የሺሃረግ ገና ቤት ሳትደርስ እናቷ ወሬውን ሰምታለች።

«ለጴንጤ?» አለች ወይዘሮ ለተብርሃን፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ።

«እንዳይታሰር ብዬ ነው እማዬ።»

«ሰው እንዳይታሰር ተብሎ ትዳር ይያዛል?»

ሰኞ የጅማው አውቶቡስ ሳይዛቸው ሄደ። እናቷ ቀኑን ሙሉ አላናገረቻትም።

ማክሰኞ ጠዋት ወደ አዳራሹ ስትገባ ታምሩ ቆሞ ይጠብቃታል። መኪናው በጆንያ ተሸፍኖ በገመድ ታስሯል።

«ቅዳሜ ያልሽው እኔን ለማዳን ነው፤ አውቃለሁ» አለ። ያለ ዝናብ እንዲህ ብዙ ሲናገር ሰምታው አታውቅም። «በዚያ ልይዝሽ አልፈልግም። እኔ ቴፒ አጎት አለኝ፤ ዛሬውኑ እሄዳለሁ። ጥሎኝ ጠፋ በያቸው። አንቺም ጅማሽን ትሄጃለሽ።»

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

አፏን ስትከፍት ቆርቆሮው አጓራ። ከሸኮ በኩል ሲንከባለል የመጣው ዝናብ ነበር። ታምሩ ጆሮውን ወደሷ አስጠጋ። እሷ አፏን ገጠመች። ተናገሪ ብሎ በእጁ ጠቆማት። ራሷን ነቀነቀችና አግዳሚው ላይ፣ እሱ ደንበኛ የሚያስቀምጥበት ላይ፣ ቁጭ አለች።

ከአንድ ሰዓት በላይ ዘነበ። እሱም አጠገቧ ተቀመጠ። ከላይ የሚያፈሰው ውኃ ሸራዋ ላይ እየወረደ በጠርዙ ሲንጠባጠብ አብረው ተመለከቱ። ዝናቡ እየሳሳ ሄዶ አባራ።

«ሲዘንብ ብትነግሪኝ ማንም አይሰማም ነበር» አለ።

«ማንም እንዳይሰማ አልፈልግም።» ቆመች። ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ ያንጎላጁ የነበሩት ሁሉ ቀና አሉ። «ሽማግሌ ላክ ታምሩ። የምልህ ማንንም ለማዳን አይደለም። እናቴ ትቆጣለች፤ ምናልባት ዓመት ትቆጣ ይሆናል። ገዢም አይመጣም፤ ቆርቆሮውም ማፍሰሱን አይተውም። ጅማ ልሄድ የነበረው ደክሞኝ ነው። መድከሜ ካልቀረ አንተ ፊት ልድከም።»

ታምሩ ሊመልስላት አፉን ከፈተና እንደ ልማዱ ወደ ጣሪያው ቀና አለ። ጠብታ የለም። አዳራሹ ሁሉ ጆሮውን አቁሟል።

«እሺ» አለ፤ ድምፁን ለቅቆ። ከዚያ በመኪናው ላይ ያሰረውን ገመድ መፍታት ጀመረ።