ምርመራ የተባለው ምርምር

ለንደን የምንኖር ኢትዮጵያውያን አንዳችን ለሌላው ብዙ ወረቀት እናያለን። የካውንስል ደብዳቤ፣ የትምህርት ቤት ማሳሰቢያ፣ የሆስፒታል ቀጠሮ፣ ሁሉም "እስቲ አንዴ እይልኝ" ተብሎ ይመጣል። እኛም አውቶቡስ ውስጥ ቆመን ወይም ከቅዳሴ በኋላ ደጃፍ ላይ ዓይናችንን ጣል እናደርግበትና "ጥሩ ነው፣ ምንም አይልም" እንላለን። ሰውየው ደስ ብሎት ይሄዳል፣ እኛም ደግ እንባላለን። እኔ በዚህ ዓይነት ደግነት የታወቅሁ ነኝ። ስሜ ሮማንወርቅ ነው፤ ዌምብሊ አካባቢ ባለ አንድ ክሊኒክ በነርስነት ስሠራ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። አሁን የማወራችሁ በእኔ ፊርማ ስላለፈ አንድ ቃል ነው። ብትፈርዱብኝ አልቀየምም፤ ብቻ እናንተ አትድገሙት።

ባለፈው ዓመት አንድ የለንደን የምርምር ተቋም በአገራችን ገጠር የሕፃናትን የደም ማነስ ለማጥናት ተነሣ። ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ተረከዛቸው ተወግቶ ጥቂት ደም ይወሰዳል፤ ደሙ በቁጥር ብቻ ተለይቶ፣ በረዶ ሆኖ ለንደን ይመጣል፤ የብዙ መቶ ልጆች ደም ሲሟላ አንድ ላይ ይጠናል። ለእያንዳንዷ እናት ተለይቶ የሚነገር ውጤት የለም። ይህን ለእናቶቹ የሚያስረዳው የስምምነት ቅጽ በእንግሊዝኛ ተጻፈ፤ ወደ አማርኛ የመለሱት ጋሽ መኩሪያ ናቸው።

ሼፈርድስ ቡሽ በሚባለው የለንደን ሰፈር ጋሽ መኩሪያን የማያውቅ ሐበሻ የለም። በደርግ ዘመን ከአገር ሲወጡ የገጠር ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ ነበሩ፤ እዚህ ከመጡ ወዲህ በየሆስፒታሉ ሲያስተረጉሙ አርጅተዋል። እናቴ ቀዶ ሕክምና ስትገባ እስከ በሩ ድረስ እጇን ይዘው የሸኟት እሳቸው ናቸው። እንዲህ ባለ ሰው ሥራ ላይ እርማት ማውጣት ይከብዳል፤ ይሉኝታ ይይዛል።

የእኔ ሥራ ሁለት ነበር። ደሙን የሚወስዱትን ነርሶች በቪዲዮ አሠለጥናለሁ፤ ደግሞም የጋሽ መኩሪያን አማርኛ፣ ዋናውን ቅጽ ሳላይ፣ መልሼ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ። ይህ የሚደረገው ስሕተት እንዲጋለጥ ነው። ሁለቱ እንግሊዝኛዎች ካልገጠሙ አማርኛው ላይ የተበላሸ ነገር አለ ማለት ነው።

ቅጹን ስከፍት ገና የመጀመሪያው መስመር ላይ ዓይኔ ቆመ። "ልጅዎ በዚህ ምርመራ እንዲሳተፍ ፈቃድዎን እንጠይቃለን" ይላል። ምርምር መባል የነበረበት ሁሉ ምርመራ ተብሏል። ሁለቱ ቃላት ወንድማማች ናቸው፤ ለአንዲት እናት ግን ልዩነታቸው ብዙ ነው። ምርምር ባለሙያ ለዕውቀት የሚያደርገው ነው። ምርመራ ሐኪም ለልጇ የሚያደርገው ነው። ወዲያው ደወልኩላቸው።

"ጋሽዬ፣ እንደምን ዋሉ? ቅጹን እያየሁት ነበር። ምርመራ የሚለው ምርምር ለማለት ይሆን?"

"አውቄ ነው ልጄ። ምርምር ስትያቸው ይሸሻሉ። እኔ እዚያው ገጠር ሠርቻለሁ፣ ሰዉን አውቀዋለሁ። ልጄን እንደ አይጥ ልትሞክሩበት ነው ወይ ይሉሻል። ምርመራ ካልሻቸው ግን ልጃቸውን ታቅፈው ይሰለፋሉ።"

"ልጁ የታየለት እንዳይመስላቸው ፈርቼ ነው።"

"ታች ላይ 'ይህ ምርመራ ሕክምና አይደለም' ብዬ ጽፌያለሁ እኮ። ከዚህ በላይ ምን ይባላል? ለነሱው ጥቅም ነው። ጥናቱ ሰው አጥቶ ቢቀር የሚጎዱት እነሱው ናቸው።"

"ልክ ነዎት ጋሽዬ" አልኩ። ልክ እንዳልነበሩ አውቅ ነበር። ስልኩን ዘግቼ፣ ምርመራ ያሉትን ሁሉ በእንግሊዝኛው ምርምር አድርጌ ጻፍኩት፤ ሊሉ የፈለጉትን አውቃለሁ በሚል። ሁለቱ እንግሊዝኛዎች ቁልጭ ብለው ገጠሙ። ሥር ላይ ፈረምኩ። የጥናቱ አስተባባሪ ሲላስ፣ ትሑትና ጠንቃቃ ሰው ነው፣ እንዲህ ያለ የጠራ ትርጉም ብዙ አልገጠመኝም ብሎ ምስጋና ላከ። ምስጋናውን ለጋሽ መኩሪያ አስተላለፍኩላቸው፤ መረቁኝ።

ሥልጠናው ሁለት ቅዳሜ ፈጀ። ስድስት ነርሶች ነበሩ። ተረከዙን በሙቅ ጨርቅ ማሞቅ፣ የመጀመሪያዋን ጠብታ ጠርጎ መጣል፣ ቁጥሩን ሳያጣምሙ መለጠፍ፣ ይህን ሁሉ በደንብ አስተማርኩ። ስለ ስምምነቱ ለማስተማር የተሰጠኝ ግማሽ ሰዓት ነበር፤ እዚያ መብራት ጠፍቶ ግማሹ ባከነ። በቀረችው ደቂቃ "ቅጹን እንዳለ አንብቡላቸው። አንድ ቃል አትጨምሩ፣ አንድ ቃል አትቀንሱ" አልኳቸው። ሐኪም ከሌለው ጤና ጣቢያ የመጣችው ሲስተር ዓይናዲስ ይህን ደብተሯ ላይ ስታሰፍር አየኋት።

ከአራት ወር በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ፣ የምሳ ዕረፍቴ ላይ ዓይናዲስ በዋትስአፕ ደወለች።

"ይቅርታ ሲስተር ሮማን፣ ሥራ አስፈታሁዎት። ፋንታዬ የምትባል አንዲት እናት አስቸገረችኝ። የአሥር ወር ልጅ አላት፣ ደም ወስደንለት ነበር። አሁን ሳል ይዞታል። አምጪውና ልየው ስላት፣ 'ተመርምሯል እኮ፤ ውጤቱን ንገሪኝና መድኃኒቱን ስጪኝ' ትላለች። ምን ልበላት?"

መልሱን አውቀው ነበር። አልተመረመረም፣ ቅጹ ላይ ያለው ቃል ስሕተት ነው፣ በያት ማለት ብቻ ነበር። ይህን ካልኩ ግን ሥራው ይቆማል፣ ጋሽ መኩሪያ በስተርጅና ይጠየቃሉ፣ የእኔም ፊርማ ይወጣል። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩና "ውጤቱ ገና ነው በያት" አልኩ። "ልጁን ግን ታምጣው።"

ዓይናዲስ ሁለቱንም ነገረቻት። ፋንታዬ ይዛ የሄደችው የመጀመሪያውን ነው። ውጤቱ ገና ከሆነ የሚሻለው መጠበቅ ነው፤ ለንደን ደርሶ የሚመለስ ነገር እንደሚቆይ ማንም ያውቃል። ቤቷ ደግሞ ከጤና ጣቢያው በእግር ሦስት ሰዓት ያስኬዳል። የታመመ ልጅ አዝሎ ያን መንገድ ለከንቱ ማን ይመላለሳል?

በሳምንቱ ማክሰኞ ዓይናዲስ እንደገና ደወለች። ድምፅዋ ተለውጧል።

"ዛሬም ብቻዋን መጣች። ልጁ ትንፋሹ ፈጥኗል፣ ጡት አልይዝም ብሏል ትላለች። እህቷ ዘንድ ትታው ነው የመጣችው። ለምን አላመጣሽውም ብዬ ተቆጣሁ። 'የለንደን ሐኪም ደሙን ይዞ እያየው አንቺ ምን ትጨምሪበታለሽ' አለችኝ።"

"ስሚኝ ዓይናዲስ። ልጁን ማንም አላየውም። የተደረገለት ምርመራ የለም። ለምርምር የተወሰደ ደም ነው፤ ቁጥር ተለጥፎበት በረዶ ውስጥ ነው ያለው። አሁኑኑ ንገሪያት።"

"ቅጹ ግን ምርመራ ነው የሚለው ሲስተር። እኔ እንዳለ ነው ያነበብኩላት። አንድ ቃል አልጨመርኩም።"

"አውቃለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

"በቃ፣ መድኃኒት ይዤ አብሬያት እሄዳለሁ" አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ፈቃድ ጠይቄ ከክሊኒኩ ወጣሁና ወደ ምርምር ተቋሙ በአውቶቡስ ሄድኩ። ምን ለማድረግ እንደምሄድ ለራሴም ግልጽ አልነበረም። ለሲላስ ሁሉንም ነገርኩት። አልጮኸብኝም፤ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። "ደም መውሰዱን ዛሬውኑ አስቆማለሁ" አለ። "የዚህን ልጅ ደም መርምሩልኝ ካልሽኝ ግን አልችልም። የትኛው ቁጥር የእሱ እንደሆነ የሚያሳየው ዝርዝር እዚያው ኢትዮጵያ ነው እንጂ እኔ ጋ የለም። ቢኖርስ፣ በደሙ ውስጥ የምንፈልገው ሌላ ነገር ነው። የሚያስፈልገው አንድ ሰው ደረቱን እንዲያዳምጠው ነው።"

እውነቱን ነው። ከቢሮው መስኮት ማዶ ደሙ የሚቀመጥበት ትልቅ ማቀዝቀዣ ይታያል። የልጁ ደም ከእኔ አሥር እርምጃ ላይ ነበር፤ ልጁ ግን ስድስት ሺህ ኪሎሜትር ርቆ ነው ያለው። እንዲህ የሚተነፍስ ሕፃን ምን እንደሚደረግለት አሳምሬ አውቃለሁ፤ ለዓመታት ሠርቼዋለሁ። በእጄ ያለው ግን ስልክና የአውቶቡስ ካርድ ነው። ደጋግሜ ደወልኩ። "የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይቻልም" ትላለች ቀድማ የተቀዳችው ሴት። መንገዱ ኔትወርክ የለውም። ክሊኒክ ተመልሼ ለሌላ ሰው ልጅ ክትባት ወጋሁ።

ዓይናዲስ የደወለችው በማግስቱ ቀትር ላይ ነው። ቤቱ ሲደርሱ የልጁ ከንፈር ጠቁሮ ነበር። የመጀመሪያውን መድኃኒት ሰጥታው፣ ጎረቤት ተሰብስቦ በቃሬዛ ወደ ሆስፒታል ይዘውት ሲወጡ መንገድ ላይ ዐረፈ። የሳንባ ምች ነበር።

"መድኃኒቱ እኛው መደርደሪያ ላይ ነበር" አለች። "በመጀመሪያው ማክሰኞ ቢመጣ ኖሮ፣ ሲስተር..." አልጨረሰችውም።

"ልጁ ማን ይባል ነበር?"

"ተክለአብ።"

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስሙን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ መኩሪያ ቤት ሄድኩ። ነገሩን ሰምተው "እዚያ አገር ልጅ በስንቱ ነገር ይሞታል ልጄ" አሉ። "ይሄ ልጅ በቃል አልሞተም፣ በምች ነው የሞተው። ራስሽን አትጉጂ።"

"በምች ነው ጋሽዬ። እናቱ ግን ሳምንት ሙሉ የጠበቀችው የእኛን ቃል አምና ነው።"

"እኔ ለክፋት አላደረግሁትም።"

"እኔም አላደረግሁትም። ያየሁትን ለእርስዎ ስል ዋጥኩት።"

ይህን እያወራን ስልኬ ጮኸ፤ ዓይናዲስ ነበረች። ፋንታዬ ጤና ጣቢያ መጥታ ለንደን ያለውን ሰው አገናኙኝ እንዳለች ነገረችኝ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። የሰማሁት ለስላሳ፣ የደከመ ድምፅ ነው፤ ቁጣ የለበትም።

"ለንደን ያሉት ሐኪም እርስዎ ነዎት? የልጄ ውጤት ደረሰ ወይ? ሲስተር አልታየም ትለኛለች፤ እኔ ግን ምርመራ ነው ተብሎ ተነቦልኝ ጣቴን አኑሬያለሁ። ሌላም ልጅ አለችኝ። ወንድሟን የገደለው ምን እንደሆነ ልወቅ ብዬ ነው።"

"እህቴ፣ ውጤት የለም" አልኩ። "ደሙ ለጥናት ነው የተወሰደው። ልጅሽን ብሎ ያየው ሐኪም የለም።"

"እንግዲያ ለምን ምርመራ አላችሁት?"

ጋሽ መኩሪያ ወንበራቸውን ስበው ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

"እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ ልጄ" አሉ። "መኩሪያ እባላለሁ። እውነቱን ብጽፍልሽ ልጅሽን አታመጪውም ብዬ ነው።"

"ለምን አላመጣውም?" አለች። "ለሌላ ሰው ልጅ ይጠቅማል ብትሉኝ አመጣው ነበር። ሲያመው ደግሞ ለሐኪም አሳየው ነበር። አንዱ አንዱን አይከለክልም።"

ጋሽ መኩሪያ መነጽራቸውን አውልቀው አለቀሱ። አርባ ዓመት ሙሉ ለሰው ሲያስተረጉሙ፣ አንዲት የገጠር እናት ምን ብትባል ምን እንደምትመልስ ከእሷ በፊት የሚያውቁ ይመስላቸው ነበር። እኔም ይመስለኝ ነበር። እሷን ግን የጠየቃት አልነበረም።

ወገኖቼ፣ የምለምናችሁ ይህን ነው። ከሩቅ አገር ተቀምጣችሁ ለወገን የምትሠሩ፣ ጥናት የምታጠኑ፣ የምታሠለጥኑ፣ የምትተረጉሙ ሁሉ፣ እውነቱን ብንነግረው ይሸሻል እያላችሁ ሰውን አትናቁ። ስሕተት ስታዩም፣ የሠራው የምታከብሩት አባታችሁ እንኳ ቢሆን፣ በአክብሮት ንገሩት እንጂ አትሸፍኑለት። ይሉኝታ እኛን እርስ በርስ ሲያስማማን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው። ለማሠልጠንም ከተሰለፋችሁ፣ እናትየዋ የተነገራትን በራሷ አፍ መልሳ እስክትናገር ድረስ ፊርማ አትቀበሉ በሉ። እኔ ይህን ያላስተማርኩት ደቂቃው ስላነሰኝ ብቻ አይደለም፤ ትልቅ ነገር መሆኑ ስላልታየኝ ነው።

ጥናቱ ሦስት ወር ቆሞ ቅጹ እንደገና ተጻፈ። ጋሽ መኩሪያ ምርመራ የሚለውን ቃል በእጃቸው እየሰረዙ አስተካከሉት፤ እኔም ከጎናቸው ተቀምጬ ቃል በቃል ተከራከርኳቸው። ከዚያም የምርምር ሥነ ምግባርን የሚቆጣጠረው ኮሚቴ፣ ደማቸው ቀድሞ የተወሰደ ልጆች እናቶች ሁሉ እንደ አዲስ ተጠይቀው፣ አንፈልግም ካሉ ደሙ እንዲወገድ ወሰነ። ዓይናዲስ ፋንታዬ ዘንድ የሄደችው ከሁሉ መጨረሻ ነው፤ መጠየቁ ከብዷት ነበር። ምርምር ምን እንደሆነ፣ ለተክለአብ ምንም እንደማያደርግለት፣ እምቢ ብትል ማንም እንደማይቀየማት ነገረቻት። ፋንታዬ የተነገራትን በራሷ አፍ መልሳ ተናገረች፣ ሴት ልጇን ጭኗ ላይ እያስተካከለች ጥቂት አሰበች፣ ከዚያም "ለሌላ ልጅ ከሆነ ይቆይ" አለች።