ከቪዲዮው ላይ ያጠራኋቸው ሰውዬ

እኔ እንኳን መንፈስ ምናምን የሚባል ነገር ላምን፣ ጓደኞቼ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀምሩ እየሳቅሁ የማበሽቅ ሰው ነኝ፣ ጎንደር ፒያሳ ባለችኝ ጠባብ ክፍል የሰርግ ቪዲዮ ሳቀናብር ስንት ዓመቴ፣ ስክሪን ላይ የሚታይ እንግዳ ነገር ሁሉ ወይ የመብራት ወይ የካሜራ ጥፋት ነው ብዬ ነው የኖርኩት። ይችን ግን ስሙኝና እናንተው ፍረዱ።

ባልደረባዬ ጌትነት ድብ ባሕር አካባቢ ሰርግ ቀርጾ መጣ። ጄኔሬተሩ መሐል ላይ ስለጠፋ ሙሽራዋ የወላጆቿን ጉልበት የምትስምበትን ክፍል በአንድ ፋኖስ ብርሃን ነው የቀረጸው፣ ምስሉን ብታዩት ጉንዳን የወረረው ነው የሚመስለው፣ እኛ ኖይዝ የምንለው ነጠብጣብ ከዳር እስከ ዳር ይርመሰመሳል። የሙሽራዋ አባት አያ ታከለ ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ስለነበር፣ ከእናቲቱ ከእማማ ውባለም አጠገብ ባዶ ወንበር አስቀምጠው ጋቢያቸውን አጣጥፈው አኑረውበታል፣ ልጅቷም የእናቷን ጉልበት ስማ ወደዚያው ወንበር ጎንበስ አለች።

ቀትር ላይ ነው፣ ውጭ ባጃጅ ይንጫጫል፣ እኔ መጋረጃዬን ዘግቼ እሠራለሁ። ልጅቷ ጎንበስ ስትል ጋቢው ስር ጉልበት ያለ መሰለኝ። ዓይኔን አሸሁ። ነጠብጣቡ ሌላ ቦታ ላይ እንዳበደ ይራወጣል፣ ወንበሩ ላይ ግን ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ ይላል፣ የሰው ደረት ሲተነፍስ እንደሚያደርገው፣ በእውነት ነው የምላችሁ። ነጠብጣቡን የሚያጠፋውን ማጥሪያ ሳበራው የታጠፈ ጋቢ ብቻ፣ ሳጠፋው ተመልሶ ሰው። ከድምፁ ውስጥም ጉሮሮ የመጥረግ ያህል አንዲት ነገር ሰማሁ፣ እሷንም አጠራኋትና «ድካም ነው» ብዬ ሥራዬን ጨረስኩ። ከዚያ እንደ ልማዴ፣ ለሌላ ሰርግ ቦታ እንዲኖረኝ፣ ዋናውን ቅጂ አጠፋሁት።

እማማ ውባለም ሲዲውን ሊወስዱ መጡ፣ እንዲያዩት ከፈትኩላቸው። «ሸጋ ነው፣ ቁልጭ ብሏል» አሉ። ወንበሩ ጋ ሲደርስ ግን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«ምነው ልጄ፣ አያ ታከለን ወዴት አደረግሃቸው?»

«እማማ፣ ባዶ ወንበር እኮ ነው የነበረው።»

«ያ የቀረጸው ልጅ በካሜራው ሲያሳየኝ ነበሩ! ፎቶ እንኳ የላቸውም፣ ፊታቸውን አንድ ጊዜ ደግሜ ልይ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ዋናውን እንዳጠፋሁት ስነግራቸው አልተቆጡኝም፣ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሲዲውን ጠረጴዛው ላይ ትተው ሄዱ። እኔ ነኝ ያጠፋኋቸው የሚል ሐዘን ለብዙ ቀን አልለቀቀኝም።

ከሦስት ወር በኋላ የቆላ ድባ ሰርግ ይዤ ቁጭ ብያለሁ፣ ጨለማ ዳስ፣ ያው ነጠብጣብ፣ ጥጉ ላይ ጋቢ የለበሱ ሰውዬ ቆመው በር በሩን ያያሉ። ጌትነትን ጠየቅሁት፣ እዚያ ጥግ ማንም አልነበረም አለኝ። ደስታም ፍርሃትም ያዘኝ፣ እማማ ውባለም ጋ ደወልኩ።

«ቆመው ነው ተቀምጠው?» አሉኝ።

«ቆመው።»

«ወንበራቸውን እየፈለጉ ነው እንግዲያ» አሉና አለቀሱ። «ነገ በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ፣ እስክመጣ እንዳትነካቸው፣ አደራህን።»

አልነካሁም። መጡ፣ ስክሪኑ ፊት ተቀመጡ፣ መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ ጠርገው ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ተነሡ።

«እሳቸው አይደሉም» አሉ። «እኚህን ሰው አላውቃቸውም።»

እሳቸው ከሄዱ ወዲህ ስንት ሰርግ አጥርቼ እንዳስረከብኩ ማሰብ ጀምሬያለሁ፣ በየዳሱ ጥግ፣ በየፋኖሱ ስር ማን እንደነበረ አንድ ጊዜ እንኳ ልብ ብዬ አይቼ አላውቅም። አንድ ጥግ አልጠራልኝም ያልኩት የቆላ ድባው ሙሽራ በየቀኑ ይደውላል። «ምነው፣ ያ ጥግ ዛሬም አልጠራም?» ይለኛል፣ እኔም ነገ እያልኩ ይኸው ሳምንት አለፈኝ።