ለግምገማ የተቀባ ማሽን

አንሙት አስማማው ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ሞተ። ሬሳው የተገኘው ደብረ ማርቆስ ዳር፣ ወደ ይጁቤ በሚያወጣው መንገድ ላይ ባለ አንድ የግል ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ተንበርክኮ፣ ደረቱን ቶርኖ በሚባለው አረንጓዴ የብረት መቅረጫ ማሽን ላይ ጥሎ፣ የአንገቱ የሱፍ ሻርፕ ብረት ነክሶ በሚያሽከረክረው የማሽኑ መንጋጋ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። ከበሩ ሆኖ ላየው ሰው ማሽኑን ይቅርታ የሚለምን ይመስላል።

ኢንስፔክተር ጤናዬ ስትደርስ፣ ቀድሟት የመጣው ፖሊስ ወረቀቱን ሞልቶ ጠበቃት።

«የሚያስቸግር ነገር የለውም፣ ኢንስፔክተር። ማሽኑ ሻርፑን ያዘው፣ አነቀው። "በራሱ ጥንቃቄ ጉድለት" ብዬ ጽፌያለሁ።»

«ፈርመህበታል?»

«ገና ነኝ።»

«እንግዲያው እስክሪብቶህን ኪስህ ክተት።»

ጤናዬ የደብረ ወርቅ መሪጌታ ልጅ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ወንጀል መርምራለች፤ ከሬሳ በፊት ወለል ታያለች። የዚህ ወርክሾፕ ወለል ተጠርጎ ያበራል። የብረት ፍቅፋቂ የለም፣ የዘይት ጠብታ የለም። የሚሸተው አዲስ ቀለም ብቻ ነው። ሻርፑ መንጋጋው ላይ አራት ጊዜ ዞሯል፤ ዙሮቹ እንደ ክር ጥቅል ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ግድግዳው ላይ ያለው የቶርኖው ማብሪያ ወደ ላይ ተገፍቷል። እሱም ተቀብቶ ነበር፤ ቀለሙ ሳይደርቅ የነካው አውራ ጣት አሻራውን ጥሎበታል። ፎቶ እንዲነሳ አዘዘች። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሟቹ ያጎነበሰችው። ግራ እጁ ላይ የጋብቻ ቀለበት አለ።

አንሙት የኮሌጁ የጥራት ማረጋገጫ ኃላፊ ነበር። ሐሙስ በአራት ሰዓት ገምጋሚ ቡድን መጥቶ የኮሌጁ የእውቅና ፈቃድ ይታደስ ወይስ ይሰረዝ የሚለውን ሊወስን ነው፤ ለቡድኑ የሚቀርበውን የውስጥ ግምገማ ሪፖርት የሚጽፈው እሱ ነው። ከዚያ በፊት አሥራ ስምንት ዓመት ቶርኖ ላይ ሠርቷል፤ የማታ ተምሮ ነው እዚህ የደረሰው። ሲናደድ አይጮህም፤ መነጽሩን አውልቆ ይጠርጋል። በዚያ ሳምንት መነጽሩ ብዙ ጊዜ ተጠርጓል።

በምሳ ሰዓት ሰልጣኞቹ በሙሉ ወጥተው ነበር። በር ጠባቂው ከሟቹ ሌላ ግቢው ውስጥ የቀሩት አራት ሰዎች ብቻ እንደሆኑ ተናገረ።

መጀመሪያ የቀረበው ዲኑ ዓለምነው ነው።

«ቤተሰብ ነው ያጣነው» አለ። «ከቢሮዬ አልወጣሁም፤ ስልክ ላይ ነበርኩ።»

«ማሽኑን ማን አጠፋው?»

«የንብረት ክፍሉ ዋኘው። ሲደርስ እየተሽከረከረ ነበር።» ሰዓቱን አየ። «ኢንስፔክተር፣ ወርክሾፑ መቼ ይለቀቅልናል? ሐሙስ…»

«ሬሳው ገና አልወጣም፣ አቶ ዓለምነው።»

«ገባኝ፤ ገባኝ። ለሰልጣኞቹ ብዬ እንጂ።»

ዋኘው ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ጥፍራቸው ሥር አረንጓዴ ቀለም አለ።

«ቶርኖውን የቀቡት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ ልጄ። ዛሬ ጠዋት፣ አራት ሰዓት ላይ። ለግምገማው ንጹሕ ይሁን ተብሎ።»

«ማብሪያውንም?»

«እሱንም።»

«ሬሳውን ሲያገኙ ያጠፉትስ እርስዎ ነዎት?»

«እኔው ነኝ።»

«የሚጠፋው ወደ ላይ ነው ወደ ታች?»

«ወደ ታች።»

«አሁን ያለው ወደ ላይ ነው።»

ሽማግሌው እጃቸውን ካፖርታቸው ውስጥ ደበቁ። «ደንግጬ ነበር» አሉ።

ጸሐፊዋ ፀደንያ ዓይኗ አብጦ ገባች።

«ከስድስት ሰዓት እስከ ሰባት ተኩል ሪፖርቱን ኮፒ ሳደርግ ነበር። ምሳም አልበላሁ። ኮፒ ማሽኑ አንዴም ሳይቆም ስምንት ጥራዝ አወጣልኝ።»

«ከሪፖርቱ ሌላ ምን አዘጋጀሽ?»

«ቃለ ጉባኤ።» አቀረቀረች። «የዘጠኝ ያልተካሄዱ ስብሰባዎች ቃለ ጉባኤ፣ በአራት ዓይነት እስክሪብቶ። ጋሼ አንሙት አየና "ፀዲ፣ በዚህ ስብሰባ ላይ የተገኙት እስክሪብቶዎቹ ብቻ ናቸው" አለኝ።» ልትስቅ ብላ አለቀሰች። «ዛሬ ጠዋት ደግሞ አንድ ገጽ ጨመረ። የመጀመሪያውን ቅጂ ራሱ ይዞት ሄደ።»

«ምን ይላል ገጹ?»

«ብናገር ዲኑ ይገድለኛል» አለችና ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች።

ጤናዬ ፈገግ አላለችም። «ኮምፒውተርሽ ውስጥ አለ?»

ፀደንያ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

የመጨረሻው ጸጋው ነበር፤ በኮሌጁ ሰነድ ላይ የብረታ ብረት ክፍል ዋና አሰልጣኝ ተብሎ የተጻፈው። የቆዳ ጃኬት ለብሷል። ጠዋት ከጉንደ ወይን በሚኒባስ ነው የመጣው።

«በምሳ ሰዓት የት ነበሩ?»

«አሰልጣኞች ክፍል። መንገዱ አድክሞኝ ጋደም ብዬ ነበር።»

«ከጸሐፊዋ ቢሮ ጎን ያለው?»

«አዎ።»

«እንደ ባለሙያ ይንገሩኝ፤ እንዴት ሞተ?»

«ሻርፕ አድርጎ ቶርኖ ያስነሳል? ይሄንን እኮ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል!» ራሱን ነቀነቀ። «መብራት ባይጠፋ ኖሮ አንገቱን ይቆርጠው ነበር። እግዜር ሬሳውን እንኳ አተረፈለት።»

ጤናዬ ቃሉን እንዳለ ጻፈችው። አራቱም ቃላቸው ላይ የጣት አሻራ አኖሩ።

ወደ ግቢው ስትወጣ የሟቹ ሚስት ፋንታነሽ በሁለት ሴቶች ተይዛ ቆማለች። ጤናዬን ስታይ ሴቶቹን አስለቀቀቻቸው።

«በግድየለሽነት ሞተ ልትሉብኝ ነው አሉ።»

«ገና አልተፈረመም።»

«ስሚኝ እህቴ። ቶርኖ ያለበት ቤት ሲገባ ቀለበቱን አውልቆ መሐረብ ውስጥ ይቋጥር ነበር። ሻርፑን በር ላይ ይሰቅላል። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ጣት አልጎደለበትም። ሕይወቱን መልሱልኝ አላልኩም። ልጆቹ ነገ ያንን ወረቀት ሲያነቡ፣ አባታችን ራሱን የጣለ ሰነፍ ነበር እንዳይሉብኝ ነው።»

«ዛሬ ግን ሻርፑን አድርጎ ነበር» አለች ጤናዬ ቀስ ብላ። «ቀለበቱም ጣቱ ላይ ነው።»

ፋንታነሽ ወደ ወርክሾፑ በር ዞረች። «እንግዲያው አልፈራውም ማለት ነው» አለች።

«ማንን?»

«ማሽኑን።»

ጤናዬ ወደ ወርክሾፑ ተመልሳ ከአረንጓዴው ቶርኖ ፊት ብቻዋን ቆመች። መንጋጋውን በአንድ ጣቷ ገፋችው። እንደ አሮጌ ጋሪ ጎማ በቀላሉ ዞረ።

ረቡዕ አንሙት ተቀበረ። ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጤናዬ አራቱንና ፋንታነሽን ወርክሾፑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ከቶርኖው በላይ ያለው አምፖል በቀን ብርሃን በርቷል።

«በአራት ሰዓት ቡድኑ ይደርሳል» አለ ዓለምነው።

«እናደርስልዎታለን።» ጤናዬ ማስታወሻዋን አልገለጠችም። «ሐኪሙ የአንገቱን ምልክት አይቷል። ሻርፑ የተሳበው ከኋላ በኩል ነው። ማሽን ቢስበው ወደ ፊት ነበር። አንሙትን ያነቀው ሰው ነው። ያ ሰው ሲጨርስ ሻርፑን መንጋጋው ላይ በእጁ ጠቀለለው፤ ስለዚህ ነው አራቱ ዙሮች እንደዚያ የተስተካከሉት። ቀጥሎ ማብሪያውን ገፋ፤ ማሽኑ ዞሮ የቀረውን እንዲጨርስለት።» ዞረች። «አቶ ጸጋው፣ ዋና አሰልጣኝ እርስዎ ነዎት። እስቲ ቶርኖውን ያስነሱልን።»

«አሁን? ሰው የሞተበትን?»

«አሁን።»

ጸጋው ሄዶ፣ ፖሊሶቹ ወደ ታች መልሰውት የነበረውን ማብሪያ ወደ ላይ ገፋ። ምንም አልሆነም። ወደ ታች መልሶ እንደገና ገፋው። ከዚያ ቀና ብሎ የበራውን አምፖል አየ። ዲኑ መስኮቱን ያያል። ዋኘው ወለሉን ያያሉ። ጸጋው አንዱን አይቶ ወደ ሌላው ሲዞር ፊቱ ነጣ።

«አባቴ፣ ይክፈቱት» አለች ጤናዬ።

ዋኘው ብሎኖቹን ፈትተው የቶርኖውን የኋላ ክዳን አወረዱ። ውስጡ ባዶ ነው። ሞተር ሊቀመጥበት በሚገባው ቦታ ላይ የአይጥ ጎጆና የተቦጫጨቀ ጋዜጣ አለ።

«ከቁርጥራጭ ብረት መካከል ተገዝቶ፣ ተቀብቶ፣ ለገምጋሚ ዓይን የቆመ ቀፎ ነው። አንሙት ቶርኖ ይፈራል፤ ይሄንን ግን አልፈራም። እዚህ የሚውል ሰው ሁሉ እንደማይሠራ ያውቃል። እንግዲህ ማሽኑ ገደለው ለማስባል የሞከረው ሰው ይሄንን የማያውቅ ነው። አሰልጣኙ እርስዎ ሆነው፣ እዚህ ቤት ማሽኑን የማያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት፣ አቶ ጸጋው።»

«ይሄ ማስረጃ አይደለም!»

«ማክሰኞ ሦስት ሰዎች ዋሽተውኛል። ዲኑና አባባ ዋኘው ማሽኑ ሲዞር ተገኝቶ ጠፋ አሉ። የዋሹት ሞተር እንደሌለው ስለሚያውቁና ያ እንዳይገለጥ ስለፈለጉ ነው። እርስዎ ደግሞ መብራት ጠፍቶ ነበር አሉ። አልጠፋም። ከእርስዎ በግድግዳ በተለየ ክፍል ፀደንያ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ኮፒ ስታደርግ ነበር። መብራት የጠፋ የመሰለው ያንን ማብሪያ ገፍቶ መልስ ያጣ ሰው ብቻ ነው። በቀን አምፖል አልበራም፤ መብራት ደግሞ በየጊዜው ይጠፋል፤ ሌላ ምክንያት ለምን ይፈልጋሉ? እርጥብ ቀለም ላይ የቀረው አውራ ጣትም የእርስዎ ነው። ቃልዎ ላይ ካኖሩት አሻራ ጋር ተመሳክሯል።»

ጸጋው የቶርኖውን ጠርዝ ያዘ፤ መልሶ ደግሞ እንደሚያቃጥል ነገር ለቀቀው።

«ስሜን ብቻ እንዲያወጣልኝ ለመንኩት» አለ። «የመንግሥት ሥራዬን አጣለሁ፣ እታሰራለሁ አልኩት። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። "አንድ ቀን እንኳ መጥተህ ብታስተምራቸው ኖሮ አልጽፍህም ነበር" አለኝ። ከዚያ ጀርባውን ሰጠኝ።»

«ፀደንያ፣ የተጨመረውን ገጽ አንብቢልን።»

ልጅቱ ያተመችውን ወረቀት ዘረጋች። «"ዋና አሰልጣኝ አቶ ጸጋው በዚህ ኮሌጅ አንድም ክፍለ ጊዜ አላስተማሩም፤ በሌሎች ሁለት ኮሌጆችም የሙሉ ጊዜ አሰልጣኝ ተብለው ተመዝግበዋል። ለስልጠና ቀረበ የተባለው ብቸኛ ቶርኖ ሞተር የለውም።"»

«ከሟቹ እጅ የወሰዱት ቅጂ ይሄው ገጽ ነበረበት» አለች ጤናዬ ወደ ጸጋው ዞራ። «ስምዎን ካዩ በኋላ አንድ መስመር ዝቅ ብለው ቢያነቡ ኖሮ፣ እዚህ ማሽን ላይ አያስደግፉትም ነበር።»

ጸጋውን ይዘውት ወጡ። ዓለምነው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ኢንስፔክተር፣ ገዳዩ እንግዲህ ተገኝቷል። የሞተሩ ነገር መዝገቡ ላይ ባይገባስ? መቶ አርባ ሰልጣኝ ነው ያለን።»

«ሞተሩ ካልገባ ገዳይ የለም። ያን ጊዜ አንሙት በራሱ ጥንቃቄ ጉድለት ሞተ እንበል?»

ዲኑ ሰዓቱን አየ።

ጤናዬ የፖሊሱን ወረቀት አውጥታ የተጻፈውን ሰረዘች፤ «በሰው እጅ ታንቆ» ብላ ጻፈችበት። ለፋንታነሽ ሰጠቻት። ፋንታነሽ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«አያ ዋኘው፣ እርስዎ መቼ ነው ያወቁት?»

«ምኑን?»

«ሰው እንደገደለው።»

ብሎን መፍቻው እጃቸው ላይ ነበር። «ያን ጊዜውኑ፣ ሳየው። ማሽኑ እንደማይዞር እያወቅሁ… ለዲኑ ነገርኩት። ዝም በል፣ ሐሙስ ይለፍ አለኝ። ጡረታ የለኝም፣ ፋንታዬ። የት እሄዳለሁ?»

«ማክሰኞ ማታ ቤቴ መጥተው ከልጆቼ ጎን ተቀመጡ። ትንሹ "አባቴን ምን ገደለው?" ሲልዎት ምን አሉት?»

ሽማግሌው ብሎን መፍቻውን ቶርኖው ላይ አስቀመጡት። እሷ መልሱን ሳትጠብቅ ወጣች።

ግቢው ውስጥ ሰልጣኞቹ የታጠበና የተተኮሰ ሰማያዊ ቱታ ለብሰው፣ ቡድኑን ሊቀበሉ በአራት ረድፍ ተሰልፈዋል። ጸጋው በካቴና ሲያልፍ አይተዋል። ማሬ የምትባል ልጅ ከፊተኛው ረድፍ ወጥታ መጣች።

«እታለም፣ ኮሌጁ ሊዘጋ ነው እንዴ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ልጄ። ማሽኑ ሞተር የለውም አሉ።»

«እሱንማ እናውቃለን» አለች ማሬ። «ጋሼ አንሙት በመጀመሪያው ሳምንት ነው ከፍቶ ያሳየን። እንዳትታለሉ ብሎ።»

ፋንታነሽ ወረቀቱን እንደያዘች ቆመች። «ሁላችሁንም?»

«ሁለት ወር ነበር የቀረን፣ እታለም። ብንናገር ኮሌጁ ይዘጋ ነበር፤ ለምዘናው ሁለት ወር ብቻ ነበር የቀረው።»

ፋንታነሽ ከማሬ ትከሻ በላይ ሰልፉን አየች፤ ከፊት ወደ ኋላ፣ አንድ በአንድ። መቶ አርባ ሰው ነው። ረቡዕ ዕለት ሬሳውን ተራ በተራ ተሸክመው፣ ማሽን በላው እያሉ አልቅሰውለት ነበር።